የቁጥር ሠላሳ አንድ ባዶ ቦታ

ጥር 21፣ ሰኞ

ስድስት ሚዛን መረመርኩ። ሁለቱን ጣልኩ። አንዱ ሥጋ ሻጭ ከሳህኑ ሥር ማግኔት ለጥፎ ነበር። «ወንድሜ፣ የዛሬን እለፈኝ» ይላል ደግሞ። ወንድሙ አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት የሰው ሚዛን ስመረምር ኖሬ ዛሬም ማጭበርበር አዲስ ይሆንብኛል። ደሜ ይፈላል።

ቤት ስገባ እታለም ደወለች። ታላቅ እህቴ ሰላምታ አታውቅም፤ ቀጥታ ወደ ነገሩ።

«አባባ ካረፈ ዓመት አለፈው። ሳንቲሞቹን እንደ ዶሮ ታቅፈሃቸው የምትኖረው እስከ መቼ ነው?»

ቀን ቆረጥን። መጋቢት 2፣ እሑድ። እዚሁ አባባ ቤት... አሁን እኔ የምኖርበት። እንከፋፈላለን።

«የፌንጤን ልጅም ጠርቻታለሁ» አለች፣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል።

ፌንጣ ታናሽ ወንድማችን ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይችል ነው ስሙ የወጣለት። ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው።

«አባባ የጻፈውን ታውቂዋለሽ» አልኳት።

«አውቀዋለሁ። ትምጣና ሻይ ትጠጣ። ሻይም ተከልክላለች እንዴ?»

አባባ የጻፈው ሁለት መስመር ነው። «ሳንቲሞቹ ለሁለቱ ልጆቼ ናቸው። ትንሹ ድርሻውን በገዛ እጁ ወስዷል።»

ጥር 23፣ ረቡዕ

ክፍፍሉ በዓይን ግምት አይሆንም። እያንዳንዱ ሳንቲም በሁለት ፊቱ ፎቶ ይነሳል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ይታተማል። ከዚያ በኋላ ማንም «እኔ የመሰለኝ ሌላ ነበር» አይልም።

በስልኬ ሞከርኩ። የወጣው ነገር ሳንቲም ሳይሆን የተጠበሰ ሽንኩርት ይመስላል። ጠጋ ስል ይደበዝዛል፤ ራቅ ስል ጽሑፉ አይነበብም። በዚያ ላይ የስልኩ ጥላ እላዩ ላይ ይጋደማል። በደንብ የሚያቀርብ ካሜራ መግዛት አለብኝ።

ሣጥኑን ካልከፈትኩት ስንት ጊዜዬ... አራት የእንጨት መሳቢያ። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ አንድ መቶ አርባ ክብ ጉድጓዶች። አባባ ባቡር ጣቢያ ትኬት ሻጭ ነበር፤ መንገደኛው ከኪሱ ጥግ የተረፈውን የሩቅ አገር ሳንቲም መስኮቱ ላይ ጥሎለት ይሄዳል። በሠላሳ ዓመት ይህን አጠራቀመ።

አንድ ጉድጓድ ባዶ ነው። ቁጥር 31።

የባለመርከቧ ቦታ ነበር። በአንድ ፊቷ ሸራዋን የዘረጋች መርከብ፣ በሌላው የሴት ራስ። ብር ናት፤ ግን ከዕድሜ ብዛት ሬንጅ መስላ ጠቁራ ነበር። አባባ ከሁሉም እሷን ይወድ ነበር። መስኮቱ ጋ ይዟት ይሄድና ወደ ብርሃን እያዘነበለ፣ «ይቺ መርከብ እየሰመጠችብኝ ነው፤ ዓይኔ ደከመ መሰለኝ» ይላል።

መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። መስመሩ የተሰመረ፣ ቁጥሩ የተስተካከለ... ኮርቼበት ነበር። ከሠላሳ አንድ ትይዩ «ተሰርቋል» ይላል። ቀይ ቀለም። የእኔ እጅ ጽሑፍ።

ፌንጣ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ። እዚሁ ክፍል፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ «እዚያው አለች፣ ወንድምጋሼ። ደህና አድርገህ እይ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። የለችም።

ጥር 26፣ ቅዳሜ

ካሜራ መሸጫ ሄድኩ። ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎረምሳ።

«ይሄ ሃምሳ ሜጋፒክስል ነው!»

ያልጠየቅኩት ጥያቄ መልስ ነው። እኔ የጠየቅኩት ሌንሱ ከምን ያህል ርቀት ላይ ሠላሳ ስምንት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ነገር ፎቶውን ሞልቶ ያሳያል የሚል ነው።

«ጋሼ፣ ዙም አለው እኮ።»

«ዙም የሩቁን ነው የሚያቀርበው። እኔ የምፈልገው ቅርብ ያለውን ነው።»

«ያው ማቅረብ አይደል?»

ወጣሁ። በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ሳልዘጋው አልቀረሁም።

ጥር 29፣ ማክሰኞ

የምፈልገውን ጻፍኩ። ሳንቲሙን በትክክለኛ መጠኑ የሚስል ሌንስ። ሌንሱና ሳንቲሙ መሐል ቢያንስ አንድ ስንዝር ርቀት፤ ያለበለዚያ ካሜራው ራሱ ብርሃኑን ይጋርዳል። ፎከሱን በእጅ ማስተካከል መቻል። እጄ ሳይነካው የሚያነሳበት ቆጣሪ፤ በዚህ ቅርበት የጣት መነካካት ሥዕሉን ያናውጠዋል።

ብርሃን ይጋርዳል... ይህን ስጽፍ ፌንጣ ትዝ አለኝ። ሳንቲሞቹን ስመዘግብ በግራዬ፣ በመስኮቱ በኩል ይቆማል። እየተነፈሰ። በክርኔ ገፋ አደርገዋለሁ። «ብርሃኔን አትጋርድብኝ!» በቀን አሥር ጊዜ።

የካቲት 3፣ ቅዳሜ

ሌላ ሱቅ። ከጎዳናው ውስጥ ገባ ያለ፣ ጠባብ፣ ግድግዳው ሁሉ ሌንስ። ባለቤቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሌላ መነጽር የምትፈልግ ሴት። ዝርዝሬን ሰጠኋት። አነበበችው፣ እስከ መጨረሻው። ይህም አንድ ነገር ነው።

ሦስት ካሜራ አወጣች። አንደኛው ትንሽዬ፣ ሌንሱ የማይፈታ። ይቀርባል፤ ግን ሳንቲሙን ሊስም ምንም አይቀረው፣ ብርሃን የሚገባበት የለም። ሁለተኛው ጥሩ፣ ግን ፎከሱ በራሱ ፈቃድ ይሄዳል። በማስመሪያ ፈተንኳቸው። ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር። አንድ ሰዓት ተኩል።

«ጋሼ፣ ካሜራ ነው የሚመርጡት ወይስ ምራት?»

«ምራት ብትሆን ይህን ያህል አልቸገርም ነበር።»

ሳቀች። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

ሦስተኛው ሁለተኛ እጅ ነው። አካሉ ጠርዙ ላይ የተላጠ፣ ለቅርብ ፎቶ ብቻ የተሠራ ከባድ ሌንስ። በማስመሪያው ላይ ያለችው የግማሽ ሚሊ ሜትር መስመር ውፍረቷ ሳይቀር ታየ። ያው ነው። ገዛሁት። «ሌንሱ ችግር ቢኖርበት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይመልሱልኝ» አለች። በጽሑፍ አድርጊልኝ አልኳት። አደረገች፤ ዓይኗን ወደ ጣሪያ እየሰቀለች።

የካቲት 4፣ እሑድ

ከሰዓት በኋላ። የመስኮቱ ብርሃን ከግራ ተጋድሞ ይገባል፤ ፊደሉንም ጭረቱንም ከፍ አድርጎ የሚያሳየው እንዲህ ያለ ብርሃን ነው። ትራይፖዱን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ። ካሜራው ወደ ታች ያያል።

ሠላሳ ሳንቲም አነሳሁ። ድንቅ ነው። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ያላየው ነገር... በአንዷ ላይ የንጉሡ ጢም ፀጉር በፀጉር ይቆጠራል።

የሚያብረቀርቁት አስቸገሩ። መስታወት ናቸው። ከላይ ያለውን ሁሉ ይስላሉ፤ ሌንሱን፣ ጣሪያውን፣ እኔን። በአንዷ ላይ ጥቁር ራስ ታየኝ። የራሴ ነው። ግን ትንሽ ነበር፤ በግራ በኩል... ጎንበስ ያለ። ነጭ ወረቀት ቀድጄ በሌንሱ ዙሪያ አጠለቅኩ። ጠፋ።

ቆጣሪው አሥር ሰከንድ ነው። ቲክ፣ ቲክ ይላል። በዚያች አሥር ሰከንድ ውስጥ ሰው መተንፈስ ያቆማል። ሦስት ጊዜ ከጎኔ ሌላ ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝና ዞርኩ።

መስኮቱን ዘጋሁት። ነፋስ ይሆናል።

የካቲት 6፣ ማክሰኞ

እስከ ስድሳ ደረስኩ። ሠላሳ አንድን ስዘል ባዶውን ጉድጓድም አነሳሁት። ለምን? መዝገብ ስለሆነ። በፎቶው ላይ የጨርቁ ክር ይታያል፤ አርባ ዓመት ሊሞላው የደረሰ የሳንቲም ጠርዝ ክብ አሻራ።

የካቲት 9፣ ዓርብ

የፌንጣ ልጅ ቢሮ ደወለች። ነርስ ናት። ድምጿን ስሰማ ይህ ሦስተኛዬ ነው በሕይወቴ። «እርስዎ» ትለኛለች፣ ልክ እንደ በሽተኛ አባት።

«አጎቴ፣ ከሳንቲሙ ምንም አልፈልግም። እታለም ስላስቸገሩኝ ነው የምመጣው።»

«እሺ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ? አባዬ ድሮ ወደብ ላይ ሠርቷል እንዴ?»

«ኤሌክትሪሺያን ነበር። ወደብ የሚባል በዓይኑ አላየም።»

«መርከብ አጥቤ ነው ከቤት የወጣሁት ይለኝ ነበር። ሳህን ሳጥብ ባየኝ ቁጥር።»

ለልጁም ይዋሽ ነበር ማለት ነው። ይህን አላልኳትም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ለራሴ ጮክ ብዬ አልኩት፤ ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ቀና ብሎ አየኝ።

ፌንጣ ከቤት የወጣው በአሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ማንም ሂድ አላለውም። አባባ ሣጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ለእኔ ሰጠ፣ ያን ያህል ነው። ከዚያ በኋላ በቤቱ ማንኪያ ቢጠፋ ሁላችንም ወደ ፌንጣ እናያለን። ስድስት ዓመት አየነው። ከዚያ ሄደ።

የካቲት 11፣ እሑድ

ተናድጃለሁ።

መሳቢያዎቹን ጨረስኩ። የቀረው የትርፎቹ ጣሳ ነው፤ አባባ ሁለትና ሦስት የሆኑበትን የሚጥልበት የብስኩት ጣሳ። በመዝገቡ ውስጥ የሉም። ትርፍ ምን ይቆጠራል ብዬ ቁጥር አልሰጠኋቸውም ነበር። አሁን ግን ሁሉም ይመዝገብ አልኩ። ሃያ ሦስት ሆኑ። ጥቂቶቹ ባለመርከብ ናቸው፤ ነጣ ያሉ፣ ተራዎች።

ከእነዚህ አንዷን አንስቼ በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ሳሰፋት... ሸራው ላይ እድፍ። ቀጫጭን የተጠማዘዙ መስመሮች፣ እርስ በርስ የተቀራረቡ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ። ጠራረግኳት፣ ደግሜ አነሳሁ። አለ። ሌንሱ ሻግቷል! አሮጌ ሌንስ ውስጥ ሻጋታ እንደሚበቅል አንብቤአለሁ፤ እንዲሁ እንደ ክር ነው የሚሆነው። ያቺ ሴት እያወቀች ሸጠችልኝ። ያን ሁሉ ፈገግታ፣ ያን ሁሉ «ጋሼ»! ሌባ።

ነገ ፈቃድ ወስጄ እሄዳለሁ። ሳንቲሟንም ለማስረጃ ይዤ።

የካቲት 12፣ ሰኞ

መጻፍ አልቻልኩም ነበር። አሁን ልሞክር።

ሱቅ ገባሁ። ሌላ ገዢ ነበረ፤ በእሱ ፊት ነው የተናገርኩት። «የሻገተ ሌንስ ነው የሸጥሽልኝ። እያወቅሽ ነው።» ጽሑፏን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

አልተቆጣችም። ካሜራውን ተከለችው። ሳንቲሟን ከሥሩ አስቀመጠች፣ አነሳች። እድፉ ከላይ በቀኝ በኩል ታየ።

«ይኸው!» አልኩ።

«ይቆዩኝ።» ሳንቲሟን ሩብ ዙር አዞረቻት። ካሜራውን አልነካችውም። ደግማ አነሳች። እድፉ ወደ ታች ዞሯል። አሁንም አዞረች። እድፉም ዞረ። ከመርከቧ ጋር።

«ጋሼ፣ ሌንሱ ላይ ቢሆን ካለበት አይነቃነቅም ነበር። ያለው ሳንቲሙ ላይ ነው።» ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው፣ ሰፋ አደረገችው። «ደህና አድርገው ይዩት እስቲ። ሻጋታ አይደለም። የሰው ጣት ነው።»

ደህና አድርገው ይዩት።

«ትንሽ ነው» አለች። «የልጅ ነው። ሌንስም ላይ ይደርሳል፤ ጣት የነካውን ቶሎ ካልጠረጉት ላቡ ሽፋኑን ይበላዋል። ከዚያ ወዲያ ቢጠርጉት አይለቅም።»

ይህን ለእኔ ትነግረኛለች! መመዘኛ ክብደት በባዶ እጅ አይነካም ብዬ ስንቱን የቀጣሁ ሰው ነኝ። አዲስ የተወለወለ ብረት ላይ ያረፈ ጣት ዛሬ አይታይም። ዓመት ሲያልፍ ነው እየጠቆረ የሚወጣው። አውቃለሁ። በፊዚክስ ዲግሪ አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳንቲሟን ማዞር አልመጣልኝም።

በአሻራው መሐል አግድም የሚያልፍ ባዶ መስመር አለ። ጠባሳ። ፌንጣ በሰባት ዓመቱ የጣሳ ክዳን አውራ ጣቱን እንዲህ አግድም ቆርጦት ነበር። ያጠብኩለት እኔ ነኝ። ያሰርኩለት እኔ ነኝ።

ይቅርታ ሳልጠይቃት ወጣሁ።

የካቲት 13፣ ማክሰኞ

መዝገቡ፦ «ቁ. 31። ከሸራው ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። ከጠርዙ፣ ከሴቲቱ ጉትቻ ትይዩ፣ ጥርስ የነከሳት የምትመስል ጉድጓድ። ክብደት 26.87 ግራም።»

ስንጥቋ አለች። ጉድጓዷ አለች። ቢሮ ወስጄ መዘንኳት፦ 26.80። የጎደለው ሰባት መቶኛ ግራም ነው። መርከብ ማጠብ የሚያጎድለው ይህን ያህል ነው።

አጥቧት ነው። በአመድ፣ በአሸዋ፣ ባገኘው ሁሉ ፈትጓት ነው። ጥቁረቷ ቆሻሻ መስሎት። ከዚያ ስትነጣበት ደነገጠ። መሳቢያው ውስጥ ወደ ቦታዋ ቢመልሳት አባባ ያያታል። ስለዚህ ነጫጮቹ እህቶቿ መሐል፣ ጣሳው ውስጥ ጨመራት።

ጣሳውን ያን ቀን ገልብጬው ነበር። ሁለት ጊዜ። ጥቁር ሳንቲም ነበር የምፈልገው። አንድ በአንድ ብመዝናቸው ኖሮ! የትምህርት ቤቱን ሚዛን ተውሼ እጄ ላይ ነበር። ሚዛኑ እጄ ላይ ነበር!

እዚያው አለች፣ ወንድምጋሼ።

የካቲት 15፣ ሐሙስ

ማን ያውቃል? እኔ ብቻ።

የካቲት 20፣ ማክሰኞ

አልተኛሁበትም፣ አልበላሁበትም ብል ውሸት ነው። በልቻለሁ፣ ተኝቻለሁ። ሥራ ሄጄ ሰው ቀጥቻለሁ። አንድ እህል ነጋዴ፣ «ጌታዬ፣ ሚዛኑ አርጅቶ ነው እንጂ እኔ አላጭበረበርኩም» አለኝ። ከሌላው ጊዜ ሁሉ ረዘም አድርጌ አየሁት። ሚዛኑን ፈታሁት። የውስጡ ሞላ ሽቦ ዝጓል። እውነቱን ነው። ከሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንቱ እውነቱን ነበር?

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ተመለስኩ። የመወልወያ ጨርቅ አለኝ፣ ቀይ ቅባት ያለበት። ሳንቲሟን መዳፌ ላይ አድርጌ ጨርቁን አነሳሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጣቱ ይጠፋል። ከሃያ ሦስቱ ተራዎች አንዷ ትሆናለች። አባባ እንዳለው ይቀራል፤ እኔ እንደጻፍኩት ይቀራል። ልጅቷም እንደሆነ ምንም አልፈልግም ብላለች...

ጨርቁን ጫፏ ላይ አሳረፍኩት። ያኔ በግራ በኩል ያለው ብርሃን ደብዘዝ አለ። ደመና ነው። ደመና መሆኑን አውቃለሁ።

«ብርሃኔን...» ብዬ ጀመርኩ። ከአፌ ወጣ። ባዶ ክፍል ውስጥ፣ በጠራራ ቀን፣ ክርኔን ወደ ጎን ሰንዝሬ።

ጨርቁን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኩት።

የካቲት 29፣ ሐሙስ

ፎቶዎቹን አሳተምኩ። ሦስት ቅጂ። ለሁለት ነበር ያሰብኩት።

መጋቢት 2፣ እሑድ

እታለም ቀድማ መጣች። ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ። «ይሄን አቧራ ለማን ነው የምታሳድገው?» አለች ጣቷን በመደርደሪያው ላይ አስኪዳ። ከዚያ ልጅቷ። አገጯ የእሱ ነው። መቀመጥም እንደሱ አትችልም፤ አንዴ መስኮቱ ጋ፣ አንዴ መደርደሪያው ጋ።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ በወረቀት። ከሁሉም በላይ የሠላሳ አንድን ፎቶ አድርጌአለሁ፣ ትልቅ አድርጌ ያሳተምኩትን። «ከመከፋፈላችን በፊት...» አልኩ። ልጅቷ ፎቶውን አንስታለች። አላዳመጠችኝም።

«ይሄ የአባዬ ጣት ነው» አለች።

እታለም፣ «የምን ጣት?»

«አውራ ጣቱ። ይኸው ጠባሳው። ሲታመም ስድስት ወር ሙሉ ይሄን እጅ ይዣለሁ፣ አይጠፋኝም።» ቀና አለች። «ምን ላይ ነው ያለው?»

ወረቀቴን አስቀመጥኩት። ሳንቲሟን ሰጠኋት። ነገርኳቸው። ጣሳውን፣ ክብደቱን፣ ቀዩን ቀለም። ጨርቁንም ነገርኳቸው። ምንም አልደበቅኩም። «አልሰረቀም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ተናግሬው አላውቅም፤ ሚስቴ ጥላኝ ስትሄድ እንኳ።

እታለም ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «አመድ በአመድ ሆኖ አይቼዋለሁ» አለች ቆይታ። «ጓሮ። እጁ ጥቁር በጥቁር። ምን እያደረግክ ነው ሳልለው አለፍኩ። ልብስ ማጠብ ነበረብኝ...»

ልጅቷ ሳንቲሟን እያገላበጠች። «መርከብ» አለች። ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፣ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «መርከብ አጥቤ ነው ከቤት የወጣሁት። ቀልድ መስሎኝ ስንቴ ሳቅኩበት። ለምንድን ነው ያጠባት?»

እኔም ለራሴ የጠየቅኩት ነው። «አባባ መርከቧ እየሰመጠችብኝ ነው፣ አልታይ አለችኝ ይል ነበር» አልኳት። «እንድትታየው ይሆናል።»

ጎረቤት የሆነ ሰው ሚስማር ይመታል።

«ያን ጊዜ ስንቴ ጠየቃችሁት?»

«አንዴ።»

«ምን ብለው?»

«የት ደበቅካት ብዬ።»

«እሱስ?»

«እዚያው አለች አለኝ። ደህና አድርገህ እይ አለኝ።»

«እውነቱን ነዋ የመለሰልዎ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

እታለም የአባባን ሁለት መስመር ለሁለት ቀደደችው። ሣጥኑ ለሦስት ይሆናል አለች። ልጅቷ እምቢ አለች። ባለመርከቧን ብቻ በመሐረብ ጠቅልላ ያዘች፣ ፎቶውንም። «ሌላው የናንተ ነው። ይቺ ግን የእሱ ናት።» በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ አልዋሽም፣ አጎቴ። ይቅርታ የሚጠየቀው እሱ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ጨርቁን ስለጣሉት...» አልጨረሰችውም። ወረደች።

መጋቢት 8፣ ቅዳሜ

ሌንስ ሱቅ ሄድኩ። ሰው እስኪኖር ጠበቅኩ፣ የሰደብኳት በሰው ፊት ስለሆነ። «ሌንሱ ንጹህ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

«እና ጣቱ የማን ሆኖ ተገኘ?»

«የወንድሜ።»

«ሰላም ነው?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ፊቴን አየችና ሌላ አልጠየቀችም። የሌንስ መጥረጊያ ብሩሽ ሰጠችኝ። በነጻ። ልክፈል አላልኩም... ይህም ለእኔ አዲስ ነው።

መጋቢት 9፣ እሑድ

መዝገቡን አወጣሁ። ቀዩን ቃል ሰረዝኩት፤ እንዳይጠፋ፣ ከሥሩ እንዲነበብ አድርጌ። በጎኑ ጻፍኩ፦ «ቁ. 31። አልተሰረቀችም። ትንሹ ወንድሜ ለአባባ እንድትታየው አጥቧት ነበር። አሁን ልጁ ዘንድ ናት። ስህተቱ የመዝጋቢው ነው።» ፈረምኩ። ቀኑንም።

ይህን ገጽ ላነሳው ካሜራውን ተከልኩ። ያው ሰዓት ነው፤ ብርሃኑ ከግራ ይገባል። ቆጣሪውን ነካሁ። አሥር ሰከንድ። ወንበሬን ወደ ቀኝ ሳብኩ። በመስኮቱ በኩል አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ለቀቅኩ።

ቲክ፣ ቲክ... ጆሮዬን አቆምኩ። ትንፋሽ የለም። ብርሃኑ ሙሉውን ገጹ ላይ ወደቀ፤ አንዲት ፊደል እንኳ ጥላ አልነካትም። ፎቶው ፍጹም ነው።

ቢጋርድብኝ ይሻለኝ ነበር።